ይግባኝ እና የጣሪያው አንቴና

ጠበቃው ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚሟገተው ሰው አጥቶ ግድግዳ ሊከስ ምንም አልቀረውም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ችሎት ፊት ቆሞ ሲያወራ የኖረ ሰው ቤት ሲቀመጥ ምላሱ ይዝጋል፤ ምላስ እንዳይዝግ ደግሞ ነገር ይፈልጋል። መጀመሪያ ከሊፍቱ ጋር ተጣላ። ሊፍቱ መልስ ስለማይሰጥ ብዙም አላስደሰተውም። ቀጥሎ ምድር ቤት የሚኖረውን የአውቶቡስ ሹፌር «ሲያስነጥስ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል» ብሎ ለሕንፃው ኮሚቴ ከሰሰው። ኮሚቴው ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ኮሚቴው ራሱ በደንቡ መሠረት አልተመረጠም ብሎ ሌላ አቤቱታ አስገባ። ሰውም ከጭቅጭቁ የተገላገለ መስሎት እሱኑ ሊቀመንበር አድርጎ መረጠው። ፊት ለፊት ሁሉም «ጋሼ» ይለዋል። ዞር ሲል ግን ስሙ «ይግባኝ» ነው፤ በሕይወቱ አንድ ውሳኔ ሰምቶ እሺ ያለበት ቀን የለምና።

ባለቤቱም ይህን ስም ታውቀዋለች። እንዲያውም ያወጣችው እሷ ናት የሚሉ አሉ። ዕድሜዋን በአዋላጅነት የጨረሰች ሴት ስለሆነች የሰው ጩኸት አያስደነግጣትም፤ የባሏንም ንግግር እንደ ምጥ ቆጥራ እስኪወጣለት ድረስ ዝም ብላ ትጠብቃለች።

አንድ ጠዋት ጠበቃው የቧንቧ ሠራተኛውን የሚወነጅልበት ማስረጃ ፍለጋ፣ የውሃ ታንከሩ ያንጠባጥብ እንደሆነ ለማየት ጣሪያ ላይ ወጣ። ታንከሩ ጠብ የሚል ነገር አልነበረውም። ተናዶ ሊመለስ ሲል ከታንከሩ ጀርባ አንድ የብረት ምሰሶ፣ ምሰሶው ላይም እንደ በር መዝጊያ የረዘሙ ግራጫ ሣጥኖች አየ። የሞባይል አንቴና ነው። ከተተከለ ዓመታት አልፈውታል፤ እርግቦቹ እንኳ ለምደውት ላዩ ላይ ያርፋሉ።

«ይህን ማን ፈቀደ?» ብሎ ጮኸ። እርግቦቹ በረሩ።

ቤቱ ገብቶ መነጽሩን አድርጎ፣ ስለ አንቴና ጨረር የሚያወራ ጽሑፍ ስልኩ ላይ ፈልጎ አነበበ። ግማሹን ነው ያነበበው። እስከ መጨረሻው ቢያነብ ኖሮ ፍርሃቱም ክሱም እዚያው ያልቅበት ነበርና ግማሹ በቃው።

የሴት ልጁ ባል የሞባይል ኔትወርክ መሐንዲስ ነው። ጠበቃው ልጁን ለዳኛ ሲመኛት ለመሐንዲስ በመዳሯ እስካሁን አልበረደለትም፤ አማቹን ባነሳ ቁጥር «ሽቦ ቋጣሪው» ይለዋል። ባልና ሚስቱ በየእሁዱ ለምሳ ይመጣሉ። ያን እሁድ ጠበቃው ሳህኑን ገፋ አድርጎ አማቹን አፋጠጠው።

«አናታችን ላይ የተከላችሁት ነገር ይገድለናል አይገድለንም? አዎ ወይም አይደለም በል!»

አማቹ የጎረሰውን ቀስ ብሎ አላምጦ ዋጠ። ትሑት ሰው አይደለም፤ ሥራውን ያውቃል፣ ማወቁንም ያውቃል። «አይገድላችሁም አባባ። አንቴናው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚልከው። የመብራት ሥሩ ጨለማ ነው ይባል የለ? እናንተ ሥሩ ናችሁ። ይልቅ ጆሮዎ ላይ የሚለጥፉት ስልክ ራሱ ማሠራጫ መሆኑን አይርሱ። አንቴናው ቅርብ ሲሆን ስልክዎ በሹክሹክታ ያወራል፤ ሲርቅበት ይጮኻል። አንቴናውን ካስነቀሉት ስልክዎ እንዲጮህ ፈረዱበት ማለት ነው።»

«የጎረሰ አፍ አይመሰክርም!» አለ ጠበቃው። «አንተ ምስክር ሳትሆን ተከሳሽ ነህ።»

አማቹ በአፍንጫው ሳቀና ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ያቺ የአፍንጫ ሳቅ ጠበቃውን ካንቴናው የበለጠ አቃጠለችው።

በማግስቱ የሕንፃውን ነዋሪ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሰበሰበ። ምን ይዋሻል፣ ሰውየው ማውራት ያውቅበታል። እጁን ወደ ጣሪያው ቀስሮ ትንፋሽ እስኪጠፋ ድረስ ዝም አለና፣ «በላያችን የቆመው ብረት እንዳይመስላችሁ» አለ። «ዳኛ ሳይቀመጥ፣ ምስክር ሳይሰማ የተላለፈብን የሞት ፍርድ ነው! ልጆቻችሁ ተኝተው ሳለ እሱ አይተኛም!»

መጀመሪያ ያለቀሰችው መንገድ ዳር የውበት ሳሎን ያላት ፀጉር ሠሪዋ ናት። ራስ ምታቷ ከየት እንደመጣ ያን ዕለት ገባት፤ ቀኑን ሙሉ በቀለምና በፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሙቀት መሃል መዋሏን የሚያስታውሳት አልተገኘም። የአውቶቡስ ሹፌሩም ኮፍያውን አውልቆ መላጣውን አሳየ። «ይኸው! ይህን ያረገኝ እሱ ነው!» አለ። አባቱም አያቱም መላጣ እንደነበሩ እዚያ ከቆመው ሰው ግማሹ ያውቃል፤ ሆኖም ሁሉም ከንፈሩን መጠጠለት። ጠበቃው የሹፌሩን አናት አይቶ በሆዱ «ይህ ጅል!» አለ፤ በአፉ ግን «ማስረጃው ፊታችሁ ቆሟል!» አለ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ኩባንያው አልተከራከረም። ውሉ በስምምነት ይፍረስ ብሎ ሠራተኞች ላከ፤ እነሱም ምሰሶውን ፈትተው፣ በገመድ አውርደው፣ መኪና ላይ ጭነው ሄዱ። ጠበቃው ባላጋራው ይግባኝ እንኳ ሳይል እጁን በመስጠቱ ትንሽ ከፋው። ይሁን እንጂ ሰው እያጨበጨበ ትከሻውን ሲመታው ደረቱ ተነፋ። ፀጉር ሠሪዋ እጁን ስማ «ጋሼ፣ ሕይወታችንን አተረፉልን» አለችው። ባለቤቱ በረንዳ ላይ ቆማ ከላይ ታያለች። ቤት ሲገባ፣ «ጨረሩ አለቀ?» አለችው።

«አለቀ።»

«ምላስህስ?»

ሕንፃው የቆመው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው። በአንድ በኩል ኮረብታ፣ በሌላ በኩል ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ግዙፍ የሲሚንቶ መጋዘን ይከልለዋል። አንቴናው ከሄደ በኋላ የሰፈሩ ስልክ የሚያገኘው ከኮረብታው ማዶ ያለውን ማማ ብቻ ሆነ። ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ «ሃሎ! ሃሎ!» ማለት ጀመረ። ሹፌሩ ከሚስቱ ጋር ለማውራት ደጅ ወጥቶ የአጥሩ ድንጋይ ላይ ይቆማል፤ ሚስቱ የምትሰድበውን ስድብ እሱ ጮክ ብሎ ስለሚደግም የቤታቸው ነገር ሁሉ አደባባይ ወጣ።

የጠበቃው ስልክ ደግሞ ሌላ ጉድ አመጣ። ጠዋት ሞልቶ የነቀለው ባትሪ ምሳ ሳይደርስ ይሞታል። ትንሽ ሲያወራበት እንደ ጋለ ካውያ ጆሮውን ያቃጥለዋል። ጠበቃው ይህን ሲያይ ሌላ ሴራ ሸተተው። «ደብቀው ሌላ ተክለዋል!» አለ። «መጋዘኑ ውስጥ ይሆናል። የባሰ፣ የበረታ ነገር ነው የተከሉት!»

ፀጉር ሠሪዋም መላ አላጣችም። ጨረር ይመልሳል የተባለ ወርቃማ ስቲከር ከገበያ አምጥታ ለነዋሪው ሁሉ አደለች። ሁሉም ስልኩ ጀርባ ላይ ለጠፈ። ጠበቃው «እንዲህ ያለውን ማጭበርበሪያ ስንቱን አሳስሬያለሁ» ብሎ አጣጣለው፤ ከዚያ ባለቤቱ ገበያ ስትወጣ ጠብቆ እሱም ለጠፈ። ስልኩ ከፊተኛው ባሰበት።

በዚህ መሃል ነው የባለቤቱ ነገር የመጣው። ወጣት አዋላጆች የጨነቃቸው ጊዜ እሷን ደውለው የመጠየቅ ልማድ አላቸው። አንድ ዝናባማ ከሰዓት አንዷ ደወለች፤ ሕፃኑ በእግሩ መጥቶባታል። ሁለት ቃል ሳትናገር መስመሩ ተቆረጠ። እንደገና ደወለች፣ ተቆረጠ። አሮጊቷ አዋላጅ ስልኩን አንቃ ወደ ጣሪያው ሮጠች፤ መጨረሻው ደረጃ ላይ እርጥቡ አዳለጣትና ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። እዚያው ዝናቡ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን ሽቅብ ይዛ፣ በስፒከር እየጮኸች ልጅቷን መራቻት። እናትም ሕፃንም ተረፉ። እሷ ግን በሹፌሩ ጀርባ ታዝላ ወረደች።

እግሯ ተጠቅልሎ ሶፋ ላይ ስትጋደም ጠበቃው በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል። «ኩባንያውን እከሰዋለሁ! የደበቁትን አንቴና አወጣዋለሁ! ያ ሽቦ ቋጣሪ መለኪያውን ይዞ ይምጣና ዓይኔ እያየ ይለካልኝ!»

«ይምጣ» አለች እግሯን እያመቻቸች። «ዳፋው ለኔ እግር ተርፏል፤ ቢያንስ ምን እንደሰበረኝ ልወቅ።»

አማቹ ቅዳሜ መጣ፤ መዳፍ የምታክል፣ መርፌ ያላት መለኪያ ይዟል። ጠበቃው ኮቱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ ነው የጠበቀው፤ ማስረጃ የሚሰማ ችሎት ነው ለሱ።

መጀመሪያ በመጋዘኑ በኩል ባለው መስኮት ለኩ። መርፌዋ ተኝታለች። መኝታ ቤት ገቡ፣ ተኝታለች። ጣሪያ ወጡ፣ አሁንም ፍንክች የለም።

«ተበላሽታለች» አለ ጠበቃው።

«አልተበላሸችም» አለ አማቹ።

ወደ ሳሎን ሲመለሱ አማቹ መለኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣትና ለሚስቱ «ለአባትሽ ደውዪ» የሚል ጽሑፍ ላከላት። ወዲያው የጠበቃው ስልክ ጠራ፤ ልጁ ናት። ጠበቃው ስልኩን አንስቶ «ሃሎ» ከማለቱ መርፌዋ ከተኛችበት ዘላ ጥጉን ያዘች። ፉጨት ሰምታ እንደነቃች ውሻ ተንቀጠቀጠች።

«ይኸውልህ!» ብሎ ተነሳ ጠበቃው። «አየህ? ከየት ነው የመጣው? ከየት በኩል ነው?»

አማቹ መለኪያዋን አንስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ መርፌዋ ወረደች። ወደ ጠበቃው ተጠጋ፤ ወጣች። ወደ ጆሮው ይበልጥ ሲያስጠጋት ጥጉን መታች።

«ከእጅዎ ነው አባባ።»

ሶፋው ላይ ያለችው ሴት ሳቋ አመለጣት። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!» አለች።

ጠበቃው ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው። ልጁ ከውስጡ «አባዬ? አባዬ?» ትላለች።

«ማማው ስልኩን በየቅጽበቱ ያናግረዋል» አለ አማቹ፤ ድምፁ ውስጥ የአስተማሪም የአሸናፊም ቃና አለበት። «በደንብ ሲሰማው 'ቀንስ፣ ሰምቼሃለሁ' ይለዋል። ሳይሰማው ሲቀር 'ጨምር፣ አልሰማሁህም' ይለዋል። ያ ግራጫው አንቴና አናትዎ ላይ ሳለ ስልክዎ የኃይሉን ቅንጣት ነበር የሚያወጣው። አሁን ኮረብታ አቋርጦ ለመሰማት ያለ የሌለ ጉልበቱን ያወጣል። ባትሪውን የሚጨርሰው፣ የሚሞቀውም ለዚህ ነው። ስልክዎን እስቲ...» ስልኩን ተቀብሎ ገለበጠውና ወርቃማውን ስቲከር አየ። «ይቺ ደግሞ አፉን አፍና ይብሱን ታስጮኸዋለች» አለና ቅንድቡን አነሳ። ጠበቃው ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ይገድለኛል?» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠበቃ ድምፅ አልነበረም።

«አይገድልዎትም። ስልክ ሲሠራ ከፍተኛው ጉልበቱም ገደብ ተበጅቶለት ነው። ግን ጨረር ይቀንስልኝ ላለ ሰው፣ የሚቀንስለትን አስነቅሎ የሚጨምርበትን ጆሮው ላይ መለጠፍ...» ጨርሶ አልተናገረውም፤ መጨረስ አላስፈለገውም።

ጠበቃው አሁንም እጅ አልሰጠም። ሌላ ማስረጃ ጠየቀ። በአማቹ መኪና ኮረብታውን ዞረው ማማው ሥር ሄዱ። ማማው ራሱ መርፌዋን ትንሽ ነቅነቅ አደረጋት። ጠበቃው ግን ልጁ ጋ ደውሎ ሲያወራ፣ መለኪያዋ ጆሮው ሥር ሆና እንኳ ያን ያህል አልዘለለችም። ስልኩ ቀዝቃዛ ነበር። ጠበቃው ስቲከሩን በጥፍሩ ፍቆ አነሳውና ኪሱ ከተተው፤ መንገድ ላይ እንዳይጥለው ሰው ያየኛል ብሎ ፈራ።

ሲመለሱ ጠበቃው መኪናው ውስጥ አንድ ተረት ትዝ አለው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለው ነበር፤ ዕድሜውን ሁሉ ለደንበኞቹ ባላጋራዎች ነው ሲተርተው የኖረው።

ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር፤ ማንም አላየውምና። ጠበቃውም ጥቂት ቀን ሞክሯል። ግን ባለቤቱ በሁለት ምርኩዝ እያነከሰች መስኮት ለመስኮት ስትዞር፣ ያቺ ወጣት አዋላጅ ስትደውል መስመሩ እንደገና ሲቆረጥባት ሲያይ አንጀቱ አረረ። በዚያ ላይ የሚያጨበጭቡለት ሰዎች ፊታቸው አስጠላው። ደረጃ ላይ «የሕንፃው አባት» ሲሉት ውስጡ «አንተ ሞኝ፣ በምኔ አመንከኝ?» ይላል። ራሱ ስላሳታቸው እነሱን ናቀ፤ እንዲህ ያለ ፍርድ ደግሞ ማንም ዳኛ አይፈርድም።

ስብሰባ ጠራ። እንደ ድሮው እጁን ወደ ጣሪያው አልቀሰረም። «ወገኖቼ፣ ተሳስቻለሁ» አለ። ይህች ቃል ከአፉ ስትወጣ ሰው መጀመሪያ የታመመ መሰለው። ከዚያ ስለ ማማው፣ ስለ ሹክሹክታውና ስለ ጩኸቱ፣ ስለ መለኪያዋ መርፌ ሁሉንም አስረዳ። ጥሩ አድርጎ ነው ያስረዳው። በመጨረሻ፣ «ስለዚህ አንቴናው ይመለስልን ብለን እንጠይቅ» አለ።

ሹፌሩ ከኋላ፣ «ምን አጎረሱህ?» አለ።

«ምን?»

«ኩባንያው! ምን አጎረሰህ? የልጅህ ባል እዚያ አይደል እንዴ የሚሠራው?»

«እሱ መሐንዲስ ነው፤ ስለሚያውቅ ነው የሚናገረው!»

«የጎረሰ አፍ አይመሰክርም ያሉት እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ ጋሼ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ። ጠበቃው ይህን ነገር ለማን ለማን እንደተናገረ እንኳ አያስታውስም፤ ለካ ደረጃ ላይ ላገኘው ሁሉ ሲደጋግመው ከርሟል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሏል ይህ ነው። ሴትዮዋ ተነሳች። እጇን ወደ ጣሪያው ቀሰረች፤ ትንፋሽ እስኪጠፋ ዝም አለችና፣ «በላያችን የቆመው ብረት አልነበረም» አለች። «የሞት ፍርድ ነበር! ዛሬ ጋሼ ደከማቸው፤ አርጅተዋል፣ አንፍረድባቸው። እኛ ግን ልጆቻችንን አንሸጥም!»

ጭብጨባው የመኪና ማቆሚያውን ጣሪያ አናወጠው። ጠበቃው የገዛ ድምፁን የሰማ መሰለው። ንግግሩን ቃል በቃል፣ ዝምታውን ሳይቀር ወስዳዋለች፤ እንዲያውም ከሱ አሳምራ ነው ያለችው። ሙግቱን ለመስበር የት ጋ ቀዳዳ እንዳለው ከሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን ቀዳዳውን የሚያይ ሰው እንጂ ቀዳዳ አልጠፋም። ራሱ ነካሽ ራሱ ከሳሽ ሆኖ ኖሯል፤ ተከሳሽ ሆኖ ግን ቆሞ አያውቅም ነበር። እዚያው ከሊቀመንበርነት አወረዱትና ፀጉር ሠሪዋን መረጡ።

ቤት ገብቶ ሶፋው ላይ ተዘረጋ። «ከብት!» አለ። «እነዚህ ከብቶች! ማስረጃ እያሳየኋቸው!»

«ያን ጊዜ ማስረጃ አሳይተሃቸው ነበር እንዴ?» አለች ባለቤቱ።

ማስረጃ ሳይጠይቁ የተከተሉትን ሰዎች በማስረጃ ሊመልሳቸው መሞከሩ ምን ያህል ጅልነት እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባው። ፍርሃትን ለመዝራት አንድ ንግግር በቅቶት ነበር፤ ለመንቀል ግን አማቹ ከነመለኪያው ቤት ለቤት ቢዞር እንኳ አይበቃም።

ክረምቱ አለፈ። የፀጉር ሠሪዋ ሳሎን ግን ክረምቱን በደንብ አላለፈም። ደንበኛ ቀጠሮ ለመያዝ ትደውላለች፣ አይገባም፤ ከመጋዘኑ ማዶ ያለው ሳሎን ጋ ትደውላለች፣ ይገባል። ወንበሮቿ ባዶ ዋሉ። ራስ ምታቷም አልተዋትም። እንግዲህ ወደ ኩባንያው ሄዳ ምን ምን እንዳለች ማንም አያውቅም፤ አንድ የኩባንያው ሠራተኛ ሕንፃውን አይቶ፣ «ለዓይን ካስጠላችሁ የግድግዳችሁን ቀለም የተቀባ መሸፈኛ እናለብሰዋለን» እንዳላት ግን ታውቋል።

ሊቀመንበሯ ስብሰባ ጠራች። «ደስ የሚል ዜና ይዤላችኋለሁ!» አለች። «አሁን የሚተከለው የድሮው ዓይነት አይደለም። አዲስ ነው። ጨረሩን ውስጡ የሚቆልፍ መሸፈኛ አለው!»

ሰው ተንጫጫ፤ በደስታ ነው። ሹፌሩ፣ «እንዲህ ያለ ነገር ካለ ያኔስ ለምን አልነገሩንም?» አለ።

ጠበቃው ከኋላ፣ ከባለቤቱ አጠገብ ነው የተቀመጠው። ደሙ ፈላ። ጨረሩን የሚቆልፍ መሸፈኛ ቢኖር ኖሮ አንቴናው ድንጋይ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ስልክ የሚባል ነገርም አይጠራም ነበር። መሸፈኛው ለዝናብና ለዓይን ነው እንጂ ሞገዱ እንደ መስታወት ያልፈዋል፤ ይህን ከአማቹ ጠይቆ ተረድቷል። ይህን ለመናገር ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ። የኮቱ ጫፍ ወደ ታች ተጎተተ።

«ተቀመጥ» አለች ባለቤቱ በሹክሹክታ።

«ውሸት እኮ ነው! ያው ራሱ አንቴና ነው፣ ቀለም ቀብተው—»

«አውቃለሁ። አንተ በውሸት አስነቀልከው፣ እሷ በውሸት ትትከለው። እኔ እግሬ አለቀ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ «እቃወማለሁ» ሲል የኖረ አፍ ተዘጋ። ጥርሱን ሲነክስ መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ይታያል። ፀጉር ሠሪዋ «የሚደግፍ» ስትል እጆች እንደ ሣር በቀሉ። የጠበቃው እጅ መጨረሻ ላይ፣ ጭነት የተጫነበት ይመስል ቀስ እያለ ወጣ። ባለቤቱ አላየችውም፤ የራሷን እጅ ከሁሉም በፊት አውጥታ ነበር።

ሠራተኞቹ መጥተው ምሰሶውን ተከሉ። ጠበቃው ታንከሩ አጠገብ ቆሞ ሲያይ ሣጥኖቹ ያው ግራጫዎቹ ነበሩ፤ በአንደኛው ላይ የእርግብ ኩስ እንኳ ሳይጠረግ ቀርቷል። ከዚያ ሠራተኞቹ ክሬም ቀለም ያለው ቀጭን መሸፈኛ አለበሷቸውና ወረዱ። ኩሱን ከሱ በቀር ማንም አላየም።

እሁድ ምሳ ላይ አማቹን፣ «ረጅም መንገድ በመኪና ስሄድ ስልኬ የሚሞቀው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። አማቹ ማላመጡን አቁሞ አየው፤ ወጥመድ መስሎት። ወጥመድ እንዳልሆነ ሲገባው፣ ማማዎቹ እንደሚራራቁና የመኪናው ብረት እንደሚከልለው በዚያው በሚያበሳጭ ድምፁ አስረዳው። ጠበቃው እስከ መጨረሻው ሰማው። በመጨረሻ «እርግጠኛ ነህ?» አለ እንጂ ሌላ ነገር አልጨመረም።

በዚያው ሳምንት ጠበቃው ደረጃ ሲወጣ ፀጉር ሠሪዋ ስትወርድ ተገናኙ። ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ለደንበኛ ቀጠሮ እየሰጠች ነበር። ጨርሳ ዘጋችና ክንዱን በርኅራኄ ያዝ አደረገችው።

«ጋሼ፣ አይዞዎት። ያሰጋዎት እንደነበር አውቃለሁ። አሁን ግን ጨረሩ ተቆልፏል። ስለ እነዚህ ነገሮች ያልገባዎት ካለ እኔ ጋ ብቅ ይበሉ፣ ቀስ ብዬ አስረዳዎታለሁ።»

ጠበቃው ጉሮሮው ላይ አንድ ሙሉ የክስ ማመልከቻ ከነአባሪው ተሰነቀረ። ዋጠው። ሲወርድ አቃጠለው።

«አመሰግናለሁ» አላት።

ቤት ገብቶ የመኝታ ቤቱን በር ገርበብ ሲያደርግ ባለቤቱ አልጋው ላይ ጋደም ብላ፣ የዳነ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ ከዚያች ወጣት አዋላጅ ጋር በስልክ እያወራች ትስቃለች። መስመሩ አይቆረጥም፤ ስልኩም ጆሮዋ ላይ ሙቀት ያለው አይመስልም። የደረሰበትን ሊነግራት አፉን ሲከፍት በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ በሩን ዝጋ ማለቷ ነው።

ዘጋው። እሱ ግን በውጭ በኩል ነበር።